በዘንገና ዳር የተቀመጠው ምክር ቤት

እንጅባራ ላይ ጉም ሲወርድ ሰውም ቤትም መንገዱም ይጠፋና ድምፅ ብቻ ይቀራል። የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ፣ ከሚኒባስ በር ላይ «ዳንግላ! ዳንግላ፣ አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ጩኸት። እንዲህ ባለው ጠዋት ጋሽ እንየው ሽባባው ከመንገዱ ዳር፣ ከቀርከሃ ክምራቸው መሀል ተቀምጠው ይሥቃሉ። «ዛሬ እንግዲህ እኩል ነን፤ ማን ማንን ይመራል?» ይላሉ።

የዘንገና ሐይቅ ዳር ልጅ ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤትና ከገበያ፣ የቀረውን ደግሞ ከሬዲዮ ለቅመውታል። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ትራኮማ ዓይናቸውን ወሰደው። እጃቸው ግን ከአባታቸው የወረሰውን ሥራ አልረሳም። ቀርከሃውን በጥፍራቸው ኳ ኳ ያደርጉትና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «ይሄ ገና ልጅ ነው፣ ይደግ። ይሄኛው ሦስት ዓመቱን ጨርሷል፤ ሰው ይችላል» ይላሉ። ከዚያ ቢላዋው ያርፍበትና ቀርከሃው ከላይ እስከ ታች እንደ ጨርቅ ይተረተራል። ወንበር፣ ቅርጫት፣ የዶሮ ቤት፣ የሕፃን አልጋ፤ ያልሠሩት የለም።

ያልሆነላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን የሚያወርሱት ሰው አላገኙም። ከባለቤታቸው ከእትዬ ማናየሽ ጋር የወለዷት አንዲት ልጅ ተድራ ዳንግላ ነው የምትኖር። «እኔ ስሞት ይሄ እጅም አብሮኝ ይቀበራል» ይሉ ነበር። እንደ ቀልድ ነው የሚሉት። ቀልድ አለመሆኑን ግን ከዚያች ቃል በኋላ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲዳብሱ ይታወቃል።

እኔ በከተማው ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ጋሽ እንየው ዘንድ ጎራ ብዬ ገና ያልተሸጠ ወንበር ላይ ቁጭ ማለት ልማዴ ነው። ከጎናቸው በጎማ የታሠረች ሬዲዮ አትጠፋም። የተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በሬዲዮ በሚተላለፍበት ቀን ጨዋታ የለም። አፈ ጉባኤው «የተከበሩ» ብለው ስም ሲጠሩ የጋሽ እንየው ቢላዋ ወደ ቀርከሃው ይገባል፤ ተናጋሪው አመስግኖ ሲቀመጥ ስንጥቁ ይወድቃል። ከዓመታት በኋላ የአባላቱን ሳል ሳይቀር ለይተው ነበር። «ይሄ ከመናገሩ በፊት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ የሚያራግፈው ነው» ይሉኛል። በዚህ ምክንያት መንደሩ «የተከበሩ» የሚል ስም አወጣላቸው።

እትዬ ማናየሽ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ በክብር ጠርቶኝ አያውቅም። ለማያውቃቸው ሰዎች ግን የተከበሩ፣ የተከበሩ!» አሉ።

«የተከበሩ ወይዘሮ ማናየሽ፣ ዕድል ሰጥቻለሁ፤ ሦስት ደቂቃ።»

«ሦስት ደቂቃ ለአንተ ጉድ የት ይበቃና!»

ከዚያው ሰሞን ይመስለኛል፣ «ጋሽ እንየው፣ ያ ምክር ቤት በሐሳብዎ ምን ይመስላል?» ብዬ የጠየቅኋቸው። ሬዲዮዋን ዝቅ አደረጉ።

«ዘንገናን ታውቀዋለህ አይደል?»

«እንዴት አላውቀውም!»

«እንግዲህ ሐይቁ ከታች ነው፣ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ገደሉና ዛፉ። ልጅ ሁነን ከወዲህ ማዶ ስንጣራ ከዚያ ማዶ ያለው ሰው እንደ ጎረቤት ይሰማን ነበር። ድምፅ እዚያ አየር ላይ አይሄድም፤ ውሃው ላይ ነው የሚንሳፈፍ። ከሬዲዮውም የምሰማው ይሄንኑ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ቃሉ ውሃውን ይሻገራል፣ ማዶ ያሉት ያጨበጭባሉ። ስለዚህ እኔ ሳያቸው ሁሉም በዘንገና ዙሪያ ነው የተቀመጡ። አምስት መቶ አርባ ሰባት ሰው፣ እግሩን ወደ ውሃው አንጠልጥሎ።»

«አፈ ጉባኤውስ?»

«እሱማ ከገደሉ ከፍ ካለችው ቦታ ላይ ቆሟል። የሚጣራ ሰው ይቀመጣል እንዴ?»

ይህን ብለው ከኋላቸው አንድ ቅርጫት ሳቡና ጨርቁን ገለጡ። ውስጡ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የቀርከሃ ወንበሮች ሞልተውታል፤ መደገፊያቸው፣ እግራቸው፣ ሁሉም በቦታው። አንድ ሁለት እፍኝ አውጥቼ ጭኔ ላይ ደረደርኋቸው። በእውነት ለመናገር ለጥቂት ጊዜ እኔም ሐይቁ ታየኝ፤ ጸጥ ያለ ውሃ፣ በላዩ ላይ የሚሄድ የሰው ድምፅ።

ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ ነው የጀመሯቸው። ከሥራ የተረፈችውን ስንጥር ሁሉ ወንበር ያደርጓታል፤ አንድ ሳምንት አንድ፣ አንድ ሳምንት ሦስት እያለ አምስት ዓመት ሞላ። ወንበሮቹን የሚለዩት በጣታቸው ነው። ለስላሳው፣ የቀርከሃው ቆዳ ወደ ውጭ የሆነው፣ የገዥው ግንባር ነው፤ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። መደገፊያው ላይ አንዲት ጭረት ያለችው የአጋር ፓርቲዎቹ ነች፤ አርባ ስድስት። ሁለቱ ደግሞ መደገፊያቸው ተገልብጦ የቀርከሃው ሆድ ወደ ውጭ ስለዞረ ሲዳብሷቸው ይሻክራሉ። አንዱ የተቃዋሚው፣ አንዱ በግሉ ተወዳድሮ የገባው።

«ሁለት ናቸው» አሉ ጋሽ እንየው ሁለቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው። «ግን ተነሥተው ሲናገሩ ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ ሌላው ወረቀት ሲገልጥ ይሰማሃል።»

እኔ ይህን አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። በነጋታው ለመምህር ፊልጶስ ነገርኩት። ፊልጶስ የእኛ የሥነ ዜጋ መምህር ነው፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ብሬል ያነባል፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታቸው ይዘምራል፣ ክርክር ደግሞ ከምግብ ይበልጥበታል። በዚያው ዓመት፣ በ2008 መስከረም፣ ትምህርት ቤታችን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች አንድ ክፍል ከፍቶ ነበር። የእጅ ሥራ የሚያስተምር ሰው በኮንትራት ይፈለጋል። ፊልጶስ ጠረጴዛውን መታ።

«ሰውየው ተገኘ!» አለ።

ርዕሰ መምህርታችን እህተማርያም የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ቀና ናት፣ ግን ቶሎ አትሞቅም። «ዓይነ ስውር አሠልጣኝ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ፣ መሀላቸው ቢላዋ! አንድ ልጅ ጣቱን ቢቆርጥ ወላጁ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው» አለች። ጥቂት አሰበችና፣ «እስቲ ያን ሥራውን ያምጣው። አሁን የተመሠረተውን ምክር ቤት፣ ሁለቱንም ቤት፣ አስተካክሎ ይሥራና ለኅዳር ሃያ ዘጠኝ፣ ለብሔር ብሔረሰቦች በዓል እናሳየው። ሰው የሚማርበት ከሆነ የቅጥሩን ደብዳቤ እጽፋለሁ። ካልሆነ ግን እንዳትለምኑኝ» አለች።

ጋሽ እንየው ይህን ሲሰሙ ቢላዋቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ልጆቹ ስንት ናቸው?» ብቻ አሉ። አሥራ አንድ መሆናቸውን ነገርናቸው። «አሥራ አንድ» ብለው ደገሙት። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ መቀበር አላወሩም።

ፊልጶስን ይዤው ሄጄ ሁለቱን ያስተዋወቅኋቸው እኔ ነኝ፤ ለጠቡም ተጠያቂው እኔው ሳልሆን አልቀርም። ጋሽ እንየው ሰፊ የቀርከሃ ገበታ ላይ ክብ ሠርተው፣ ወንበሮቹን በዙሪያው ሰክተው ጠበቁን። ፊልጶስ ጣቱን በክቡ ላይ አዞረና ፊቱ ተኮሳተረ።

«ጋሽ እንየው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት።»

«ክብ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ክብ ነው።»

«እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አራት ኪሎ ገብቼ ከእንግዶች መቀመጫ ሆኜ አዳምጫለሁ። የአፈ ጉባኤው ድምፅ ከፊት ነው የሚመጣው፣ ከአንድ ቦታ፣ ከፍ ካለ። አባላቱ በረድፍ ናቸው፤ ፊታቸው ሁሉ ወደ እሱ።»

«ጀርባቸውስ?»

«ጀርባቸው ወደ ኋላቸው ነዋ!»

«ታዲያ ከኋላ ያለው የሚመካከረው ከጀርባ ጋር ነው?»

«ማይክራፎን አለ፣ ጋሽ እንየው።»

«ማይክራፎን ፊት አለው እንዴ?»

እትዬ ማናየሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። «እናንተ ሰዎች! ሁለታችሁም ባላያችሁት ቤት ልትደባደቡ ነው?»

ፊልጶስ ሣቀ፤ ጋሽ እንየው ግን አልሣቁም። «መምህር፣ አንተ እዚያ ነበርክ። እኔ አልነበርኩም። እንዳልከው ይሁን» አሉ ቀስ ብለው።

በማግስቱ ስሄድ ወንበሮቹን ከዙሪያው እያነሡ ነበር። አንድ በአንድ ይነቅላሉ፣ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣሉ። ገበታው ላይ የቀረው በክብ የተደረደረ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው። «ትናንት በሕልሜ ዘንገና ሄጄ ነበር» አሉኝ። «ውሃው አለ፣ ዛፉ አለ፣ ሰው ግን የለም። ተጣራሁ። የራሴ ድምፅ ማዶ ደርሶ ተመልሶ መጣ፤ እኔን አላወቀኝም።»  ቅርጫቱን ያዝኩላቸው።

አዲሱ ቤት ጥቅምትን ሙሉ ፈጀ። ፊልጶስ ብሬሉን እያነበበ ቁጥሩን ይነግራቸዋል። በግንቦቱ ምርጫ ሁሉንም ወንበር ግንባሩና አጋሮቹ ወስደውታል፤ አምስት መቶ የግንባሩ፣ አርባ ሰባት የአጋሮቹ። የአፈ ጉባኤው ወንበር ከፊት ከፍ ብሎ ተሰካ፤ ከጎኑ የምክትላቸው። ምክትሏ ሴት መሆናቸውን የሰሙት እትዬ ማናየሽ፣ «የእሷን መደገፊያ ጠንከር አድርገው፤ ብዙ የምትሸከመው እሷ ናት» ብለው አዘዙ። ጋሽ እንየውም ታዘዙ።

ሁለተኛው ቤት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ መቶ ሃምሳ ሦስት ወንበር። ከመጀመሪያው ጋር ሰባት መቶ ሞላ።

«እዚህኛው ላይ ጭረቱን እንዴት ላድርገው?» ብለው ጠየቁ ጋሽ እንየው።

«እዚህ ወንበሩ የሚቆጠረው በብሔር ብሔረሰብ ነው» አለ ፊልጶስ። «እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። መርጠው የሚልኳቸው የክልል ምክር ቤቶች ናቸው።»

«ለእኛ ለአዊዎችስ?»

«አንድ።»

ጋሽ እንየው ያችን አንዷን መርጠው ለሁለተኛው ቤት በር በተዉት ክፍተት አጠገብ ሰኳት።

«በር ላይ ምነው?» አለ ፊልጶስ።

«እንግዳ ሲመጣ ማን ይቀበለዋል?»

«እነሱ የሚቀመጡት እንደዚያ አይመስለኝም።»

«እነሱ ሲሰበሰቡስ ነበርክ?»

ፊልጶስ እጁን ከገበታው አነሣ። «አልነበርኩም።»

«እንግዲያው ይሄኛው ክብ ይሁን» አሉ ጋሽ እንየው፤ ፊታቸው በራ። ፊልጶስም አልተከራከረም፤ እኔ በማውቀው ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ።

የቀሩት ሁለቱ ሻካራ ወንበሮች ነበሩ። ከጋሽ እንየው ጭን ላይ ለሳምንት አልተነሡም። በአዲሱ ቁጥር ቦታ የላቸውም፤ ደረቅ ቀርከሃ ደግሞ አልቋል። በዝናብ የቆየ እርጥብ ቀርከሃ ቆርጦ መሥራት ነቀዝን መጥራት ነው፤ ጋሽ እንየው እንዲያ ያለ ሥራ አይሠሩም። ስለዚህ ሁለቱ መገልበጥ ነበረባቸው፤ መደገፊያቸው ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ቆዳው ወደ ውጭ ሆኖ ተመልሶ ይገባል። አንዱ ለስላሳ ሆኖ የግንባሩን አምስት መቶ ይሞላል፤ በአንዱ ላይ ጭረት ይወጣና የአጋሮቹን አርባ ሰባት ይሞላል። ሂሳቡ ልክ ይመጣል።

«አምስት ዓመት ሰምቻቸዋለሁ» አሉኝ። «አሁን ድምፃቸውን ከሬዲዮው ባጣው ከጣቴ ሥር አገኘው ነበር።»

«ይተዉዋቸው ለራስዎ» አልኳቸው።

«አይሆንም። ልጆቹ የሚማሩት ያለውን ነው። እኔ የምወደውን አይደለም።»

ይህን ብለው ቢላዋውን አንሥተው መልሰው ሲያስቀምጡ አየሁ። ከዚያ በፊት እንዲያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ሁለቱንም ገለበጧቸው።

ኅዳር ሃያ ስምንት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ገበታው በጋሪ ተጭኖ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን መጣ። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበርና ወንበሮቹ ላይ ጤዛ አርፏል፤ ሰባት መቶ ጥቃቅን ብልጭታ። ጋሽ እንየው አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ባለቤታቸው ከጎናቸው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እህተማርያም መጣች። ገበታውን ዞረችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ጫማዋ ብቻ ይሰማል።

«ያምራል» አለች በመጨረሻ። «እጅግ ያምራል። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ቀለም የለውም። የትኛው የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ጭረት አላቸው፣ እትዬ» አሉ ጋሽ እንየው።

ጎንበስ አለች። «አይታየኝም።» ቀና አለችና ድምፅዋን አለዘበች። «ጋሽ እንየው፣ እጅዎ የተባረከ ነው። ነገር ግን ይሄ ጌጥ ነው እንጂ ማስተማሪያ አይመስለኝም። ሰው የማያነበውን ነገር...»

እትዬ ማናየሽ የባላቸውን ክንድ ያዙ።  የጋሽ እንየው ከንፈር «አሥራ አንድ» ሲል አየሁት።

«እኔ ላንብበው?» አለ ፊልጶስ።

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ገበታው ቀረበ። ሁለት እጁን ዘረጋና ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመረ። ጣቶቹ እንደ ዝናብ ካፊያ ይረግፋሉ፤ ከወንበር ወደ ወንበር፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ። «አፈ ጉባኤው... ምክትላቸው... ግንባሩ፣ ግንባሩ፣ ግንባሩ... እዚህ አጋር ተጀመረ...» ጊዜው ረዘመ። ጉሙ ከመስኮቱ ላይ ሳስቶ ብርሃን ገባ። እኔ ቆሜ እያለሁ እንደሚያንቀላፋ ሰው ሆኜ ነበር፤ የጣቱ ድምፅ ብቻ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ነገር ይሰማኛል።

ከመጨረሻው ረድፍ አጠገብ ጣቱ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ዳበሰ። ፊቱን ወደ ጋሽ እንየው አዞረና አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ያኔ ገባኝ፤ ስህተት አግኝቷል። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ቢናገር ደግሞ ያ ደብዳቤ አለቀለት።

«ምንድን ነው መምህር?» አለች እህተማርያም።

«ንገራት» አሉ ጋሽ እንየው። «ቆጥረህ የለም? ንገራት።»

ፊልጶስ ጣቱን ከወንበሯ ሳያነሣ ቀና አለ። «የግንባሩ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው። የአጋሮቹ አርባ ስምንት። አንድ ወንበር ያለቦታው ጭረት አለበት።»

ጋሽ እንየው ግድግዳውን ለቀው በእጃቸው እየፈለጉ መጡ። ፊልጶስ እጃቸውን ይዞ ወንበሯ ላይ አሳረፈው። አውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ አለፈባት፤ በቃ። «ከሁለቱ አንዷ ናት» አሉ። «ለስላሳ መሆን የነበረባት። ስገለብጣት ቢላዋው ነክቷት ነው። እጄ ያን ቀን ልክ አልነበረም።» ወደ እህተማርያም ዞሩ። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ እትዬ።»

እህተማርያም ወንበሯን ከገበታው ነቀለቻት። ወደ መስኮቱ ወስዳ ወደ ብርሃኑ አስጠጋቻት፤ ወዲያም ወዲህም አዟዟረቻት። ከዚያ በጣቷ ዳበሰቻት።

«ጭረቷ የጸጉር ያህል ናት» አለች። «ከአምስት መቶ አርባ ሰባት ወንበር መሀል ይህችን በጣትህ አገኘሃት?»

«አዎ።»

«ሠሪው ሳይነግርህ?»

«ማን ይነግረኛል! ቆጠርኩ እንጂ።»

ወንበሯን መልሳ አላስቀመጠችም፤ መዳፏ ውስጥ ያዘቻት። «እኔ የፈራሁት ልጆቹ ሲሳሳቱ ማን ያያል ብዬ ነበር» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «እኔ ዓይን ያለኝ እኮ ሁለት ጊዜ ዞሬ አላየሁትም።» ከዚያ ዞር ብላ፣ «አንተ፣ ከቢሮዬ ወረቀትና የማኅተሙን ቀለም አምጣልኝ። ሰኞ ታኅሣሥ አራት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ» አለችኝ።

ሮጬ ስመለስ ጋሽ እንየውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊልጶስ ለማንም ሳይሆን ይዘምራል። እትዬ ማናየሽ የባላቸውን አውራ ጣት ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው እህተማርያም የጻፈችው የቅጥር ወረቀት ላይ መሩት። «አትጭነው ሰውዬ፣ ወረቀቱ ይቀደዳል!» አሉ። እሳቸው ግን ጫኑት፤ ቀርከሃ እንደሚፈትሹ፣ አጥብቀው።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥቷል። ጋሽ እንየው ሐምራዊ አውራ ጣታቸውን ከአዲሱ ጋቢ አርቀው፣ ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይሄዳሉ። ደርበው የሚባለው የግቢው ዘበኛ አያቸውና ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

«ጋሽ እንየው፣ ጣትዎን ቀለም አስነክተዋል። ምርጫ አለ እንዴ ዛሬ?»

«ነበር» አሉ ጋሽ እንየው።

«ሳንሰማ? ታዲያ ማን አሸነፈ?»

ጋሽ እንየው አውራ ጣታቸውን ይበልጥ ከፍ አደረጉለት። ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዙረው ቆሙ።

«ዝም በልና በሩን ክፈትልን!» አሉ እትዬ ማናየሽ ለዘበኛው፤ በነጠላቸው ጫፍ የባላቸውን ዓይን እየጠረጉ። «እስከ ሰኞ ስንት የሚሠራ ነገር አለብን።»